ለጋሽ ማቲዎስ የነገርኳቸው ሥዕሎች

ለእናቴ ቤት አዲስ በር ላሠራ ዓለም ገና ወርጄ ነበር። አናጢው አንድ ቁም ሣጥን በተልባ ዘይት እያሸ፣ መሀል መሀል ላይ እጁን የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ውስጥ በነከረው ጨርቅ እየጠረገ የበሩን ስፋት ጠየቀኝ። ከቤት ስወጣ በቃሌ ይዤው ነበር። ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው ሲመጡብኝ ግን ጠፋብኝ። ሰውየው ደግሞ ጠየቀኝ። ነገ እንደምመለስ ነግሬው ወጣሁና ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥላ ሥር ቆምኩ።

የተልባ ዘይትና አኳራጅ የወንድሜ የገመቹ ሽታ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ በጋ፣ ጸጉሩም፣ ሹራቡም፣ በእጁ የሚያጎርሰኝ ጉርሻም እንደዚያ ይሸት ነበር።

ቤታችን ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ካለ ቦታ ላይ ነበር። አባቴ ኦቦ ቱሉ ጤፍና ሽምብራ ያርሳል። በሬዎቹን በኦሮምኛ፣ የንስሐ አባቱን በአማርኛ የሚያነጋግር፣ ከሁለቱም ውጪ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እናቴ ጥሩነሽ በገበያ ቀን ሽምብራና ቅቤ ትሸጣለች። ገመቹ ከእኔ በብዙ ዓመት ይበልጣል። አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ለእኔ የነገረኝ የለም። አንድ ጥቅል አቡጀዲና አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ፤ አባቴም የገለባ ቤቱን ግማሽ ለቀቀለት።

እዚያ ውስጥ ባህር ዛፍ ጠርቦ ፍሬም ይሠራል፣ አቡጀዲውን ይወጥራል፣ ኮላና ጀሶ ቀላቅሎ ይለቀልቀዋል። የእኔ ሥራ ጀሶው እስኪደርቅ ዶሮዎቹ እንዳይወጡበት መጠበቅ ነበር። የሚሥለው የእኛን መሬት ብቻ ነው። አውድማውን፣ ወንዙን፣ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ዋርካ፣ የአባቴን ሽምብራ ማሳ። አባቴ አመሻሽ ላይ ከእርሻ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ብሎ ያያል።

"ይሄንን እኮ ከደጃፋችን ሆነን እናየዋለን" አለው አንድ ቀን።

"አሁን እናየዋለን፣ አባዬ" አለ ገመቹ፣ ብሩሹን ሳያቆም።

እኔ "አሁን" ያለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በዚያ ዓመት አዋቂዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ አዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነበር። ማስተር ፕላን ሱሉልታን ሊወስድ ነው፣ ቡራዩን ሊወስድ ነው፣ ወደ እኛም እየመጣ ነው ይላሉ። ከተማ ውስጥ ቴኳንዶ የሚያስተምር፣ ልጆች ሁሉ ማስተር እያሉ የሚፈሩት አንድ ጎረምሳ ነበር። ስለዚህ ማስተር ፕላን የእሱ አለቃ መሰለኝ። በጣም ረጅም፣ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ፣ በየከተማው እየዞረ ሰው የሚያባርር ሰው አድርጌ አሰብኩት። አንድ ጠዋት ስንነሳ ሽምብራው ማሳ ውስጥ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለው አገኘን። አባቴ አንዱን በእጁ ነካክቶ ሳይነቅለው ተመለሰ። እኔ ደግሞ ሰውየው መጥቶ እንደነበር ገባኝና ለብዙ ቀን ብቻዬን ወንዝ አልወርድም አልኩ።

ወደ ከተማው መግቢያ ላይ ከደቡብ መጥተው ክር ፋብሪካና ግንባታ የሚሠሩ ሰዎች የሚያመልኩበት አዳራሽ ነበር። ሰፈራችን የጴንጤዎች አዳራሽ ይለዋል። አዲስ ታፔላ ሊያጽፉ ገመቹን አስጠሩት። ያን ቀን ማታ ሲመለስ እራት አልበላም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ "እዚያ ውስጥ ፒያኖ አለ፤ የሚጫወተው ሰውዬ ግን አያይም" አለ። እናቴ "እዚያ ደግሞ ምን ልትሆን ገባህ?" አለችው። እሱ ስለ ፒያኖው እንጂ ስለ አዳራሹ አልነበረም የሚያስበው።

ሰውየው ጋሽ ማቲዎስ ይባላል። በልጅነቱ ከሀዲያ በኩል ወደ ሰበታ መጥቶ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ አልተመለሰም። በኋላም እዚያው ሙዚቃ አስተማሪ ሆነ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ይጫወታል። ሁልጊዜ ሹራቡን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ፒያኖው የውጭ አገር ሰዎች ድሮ ትተውት የሄዱት ነው። መጀመሪያ ሳየው አጭር ቁም ሣጥን መሰለኝ፤ ሲከፈት ጥርስ አወጣ። ከጥርሶቹ አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ ሲመቷቸው ጠቅ ከሚል የእንጨት ድምፅ ሌላ የላቸውም።

ገመቹ ታፔላውን እየጻፈ ስለ ሥዕሎቹ አውርቶለት ኖሮ፣ ጋሽ ማቲዎስ አምጣቸው አለው። ገመቹ የሚቀልድ መስሎት ነበር። በማግስቱ የአውድማውን ሥዕል በአንሶላ ጠቅልለን፣ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ሄድን። ጋሽ ማቲዎስ በጣቶቹ ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና አውራ ጣቱ ሰማዩ ላይ ታትሞ ቀረ። ገመቹ አላጠፋውም።

"እሺ ንገረኝ" አለው ጋሽ ማቲዎስ።

ገመቹ መናገር ጀመረ። ቢጫውን ከየትኛው ጋር እንደቀላቀለ፣ ጥላውን ለምን እንዳቀዘቀዘው፣ ምኑ እንዳልተሳካለት። ጋሽ ማቲዎስ ትንሽ አዳመጠና እጁን አነሳ። "አንተ የምትነግረኝ ስለ ሥራህ ነው። ልጅቷ ትንገረኝ። አንቺ፣ ምን አለ እዚያ?"

በሬዎች አሉ አልኩት። ይዞራሉ። አባዬ ከኋላቸው ነው፣ ፊቱ አይታይም።

"ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?"

እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። አየሁት። "በሬዎቹ አይደሉም" አልኩ። "ጭዱ ነው። በሬዎቹ ውስጡ የሰጠሙ ይመስላሉ።"

"ብርሃኑ ከየት ይመጣል?"

"ከአባዬ ጀርባ። ሊመሽ ነው።"

ቢጫ ነው ስለው ቢጫን አላውቀውም አለኝ። ኩፍኝ ዓይኑን ሳያጠፋው በፊት ያያቸው ሁለት ቀለሞች ብቻ ትዝ ይሉታል፤ የእናቱ ሻሽ ቀይና የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ። ስለዚህ ቢጫ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። አስቤ አስቤ፣ አውድማ ላይ ውለን ስንገባ አንገታችን ላይ የሚያሳክከን እብቅ ነው አልኩት። ገመቹ ዞር ብሎ አየኝ። ጋሽ ማቲዎስ ግን ራሱን ነቀነቀና ወደ ፒያኖው ዞረ።

በሬዎቹ እስኪጮሁ ጠበቅኩ። አልጮሁም። በግራ እጁ አንድ ከባድ ነገር ቀስ እያለ ያዞራል፣ በቀኙ ደግሞ ከላይ የሚያሳክክ፣ የማያርፍ ነገር ይበትናል። ሲጨርስ አኩርፌ በሬዎቹ የታሉ አልኩት።

"በሬዎቹ ሰጥመዋል አላልሽም?" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ገመቹ አንድ ሥዕል በጨረሰ ቁጥር መሄድ ሥራዬ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ አንሶላውን እንሸከማለን፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሬሣ ነው ወይ እያሉ ይቀልዱብናል። ጋሽ ማቲዎስ መጀመሪያ የሚጫወተው እየዳበሰ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያልነገርኩት ቦታ ይገባል። ያኔ ገመቹ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። በሁለተኛው ቀን የሚጥለውን ይጥላል፣ የሚያስቀረውን ያስቀራል። የባቲ ቅኝት ሞክሮ ይተወዋል፣ ወደ ትዝታ ይዞራል፤ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ስም የሌለው ነገር ያመጣል። በኋላ ምንም ሳይለውጥ ከዳር እስከ ዳር የሚጫወትበት ቀን ይመጣል። "ተደረሰ" ይላል። ከተደረሰ በኋላ ሥዕሉ ውስጥ አንድ የረሳሁት ወፍ ትዝ ቢለኝና ብነግረው እንኳ አያስገባውም። እኔ ዜማዎቹ የፒያኖው እንጨት ውስጥ የሚቀመጡ ስለመሰለኝ፣ ሞልቶ እምቢ እንዳለው ነበር የማስበው።

ገመቹ ሽምብራ ማሳውን ከነችካሎቹ ሲሥለው፣ ጋሽ ማቲዎስ ቀዮቹ እንጨቶች የት የት እንደቆሙ በጥያቄ አደከመኝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ችካል የሞተ ጥርስ ሰጠው። ዜማው ደህና እየሄደ ሳለ በድንገት ጠቅ ይላል። ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ጠቅ። ገመቹ አዳራሹን ለቅቆ ወጥቶ አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አለኝ።

ማሳው ጫፍ ላይ ሦስት እግር ያለው አንድ ጥቁር ቀጭን ነገር ተሥሏል። ለጋሽ ማቲዎስ ሦስት እግር ያለው ሰውዬ አለ አልኩት።

"ማነው?"

"ማስተር ፕላን ነው።"

ገመቹ ሊያርመኝ ቃል ሲጀምር ጋሽ ማቲዎስ በእጁ ከለከለው። አልሳቀም። ሰውየው ምን ያደርጋል አለኝ፤ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ያየናል አልኩት። ጋሽ ማቲዎስ ከታች፣ ከወፍራሞቹ ጥርሶች፣ ሦስት ሦስት እርምጃ የሚያነክስ ነገር አወጣ። ያን ቀን የጋሽ ማቲዎስን እጅ ሳልለቅ ነው አዳራሹ በር ድረስ የሄድኩት። ያ ሦስት እግር የመሬት ቀያሾች መሣሪያ እንደሆነ ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ ነው።

እንዲህ እያለ አንድ ሐሳብ መጣ። ከገና በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት ሥዕሎቹ ሁሉ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ፣ ጋሽ ማቲዎስም ለእያንዳንዱ የደረሰውን እንዲጫወት። የአዳራሹ ሽማግሌዎች የገበሬ ማሳ ከእግዚአብሔር ቤት ምን አገናኘው ብለው ትንሽ ተከራከሩ፣ በኋላ ፈቀዱ። የእኛ ሰፈር ሰዎችም ይመጣሉ ተባለ። አባቴ ውስጥ አልገባም፣ በመስኮቱ በኩል ሆኜ እሰማለሁ አለ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው። እናቴ የገመቹን ነጭ ሸሚዝ አጥባ ሰቀለችው።

ግን ያ ሰሞን ሌላ ነገርም ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች እጃቸውን ከጭንቅላታቸው በላይ አጣምረው ከክፍል ወጡ። እኛ ትንንሾቹ ጨዋታ መስሎን እጃችንን አጣምረን ተከተልናቸው፤ መምህራችን ሮጣ መጥታ በጆሯችን እየጎተተች መለሰችን። ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። ጥይት ሲተኮስ ሰማን። አባቴ ማረሻ ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ ነው አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ከእኛ በላይ ካለው ቤት አንድ ልጅ ሞቶ መጣ። በየግንቡ ላይ በቀይ ቀለም "ላፋ ኬኛ" ተብሎ ተጻፈ፤ መሬታችን ማለት ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም።

ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ሥዕል ይዘን ወደ አዳራሹ ስንሄድ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ወጣት ወንዶችን ብቻ እያስቆሙ እጃቸውን ያያሉ። ፀሐይ የጠለቀችበትን ሰማይ ገመቹ በዚያው ጠዋት ነበር የጨረሰው፤ ቀዩ በጥፍሮቹ ሥር ሁሉ ገብቷል። አንደኛው እጁን ገልብጦ አየው፣ አሸተተው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀለም ነው።"

"የምን ቀለም?"

"ሥዕል ነው የምሥለው።"

አንሶላውን ገለጡት። ሰማዩን፣ ማሳውን፣ ቀያዮቹን ችካሎች አዩ። ሰውየው ችካሎቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ገመቹን መኪና ላይ ውጣ አሉት። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጫፉን ከፍ አድርገሽ ያዥው፣ መሬት እንዳይነካ" አለኝ። የሥዕሉን ነው። ሌላ ነገር አልተናገረም።

አዳራሹ ከቤት ይቀርብ ስለነበር እዚያው ጎትቼ ወሰድኩት። ጋሽ ማቲዎስ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ ይጠብቀናል። የአንድ ሰው እርምጃ ሲሰማ ቀና አለ። ነገርኩት። ስለ ሥዕሉ ምንም አልጠየቀኝም። ክዳኑን ዘጋና በሁለት እጁ ያዘው፣ የሆነ ነገር ከውስጥ እንዳይወጣ የሚከላከል ይመስል ነበር። አባቴ መጥቶ ከደጅ እስኪጠራኝ ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን፤ ሥዕሉንም እሱ ተሸክሞ ቤት መለሰው።

በማግስቱ ጎረቤቶች መጡ። ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው፣ ወረቀትም ሥዕልም ያገኙበትን ቤት ልጅ አይለቁም አሉ። ችካሎቹ የተሣሉበት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። አባቴ ልጁ የት እንደታሰረ ሊያጠያይቅ ከተማ ወርዶ ነበር። እናቴ ሰዎቹ ሲሄዱ በሩን ዘጋች። ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከገለባ ቤቱ እያወጣች ከጓሮ ደረደረቻቸው። እንዳግዛት አልጠራችኝም። አቡጀዲው ላምባ ሳያስፈልገው ነው የተያያዘው፤ ቅባቱ ራሱ ይነድዳል። አውድማው መሀሉ ላይ ተነፋ፣ ጠቆረ፣ ተበሳ። ወንዙ ከዳር ነው የጀመረው። እናቴ በእንጨት እየገፋች ለገመቹ ታለቅስ ነበር፣ ለሥዕሎቹ አልነበረም። ልጇን እያዳነች እንደሆነ ታምናለች። እኔም አምናለሁ። አባቴ ሲመለስ አመዱን አየና እሷን አየ፤ "እንግዲህ" ብቻ አለ።

ገመቹ ያለበት ጣቢያ የታወቀው ከብዙ ልመና በኋላ ነው። ጋሽ ማቲዎስ እኔም እሄዳለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ እመሰክርለታለሁ አለ። አባቴ ፊት ፊት፣ እኔ ጋሽ ማቲዎስን በእጁ ይዤ ከኋላ ሆነን ሄድን። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መኮንን ደክሞታል እንጂ ክፉ ሰው አይመስልም። ልጃችሁ የተያዘው ግንብ ላይ በመጻፍ ነው፣ እጁ ላይ ቀለም ተገኝቷል አለ።

"ሠዓሊ ነው፣ ጌታዬ። እጁ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው" አለ አባቴ።

"ሠዓሊ ከሆነ ጥሩ። የሣላቸውን አምጡና እንያቸው።"

አባቴ ጫማውን ተመለከተ። ትምህርት ቤቱን ሳይጨርስ ስለተወው የሚመሰክርለት ወረቀትም የለው። ጋሽ ማቲዎስ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

"እኔ አውቃቸዋለሁ" አለ። "አንድ በአንድ ልነግርዎት እችላለሁ። አውድማ አለ፣ ሊመሽ ሲል። በሬዎቹ ጭድ ውስጥ ሰጥመዋል። ወንዝ አለ፣ በግራ በኩል ጠቆር ይላል..."

መኮንኑ ዓይኖቹን አየ፣ ከዚያ እጁን የያዘውን የእኔን እጅ አየ።

"አይተዋቸዋል?" አለው።

ጋሽ ማቲዎስ "አላየሁም" አለ።

ሰውየው አልሳቀበትም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለው።

ስንመለስ፣ አዳራሹ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ። "መምህር" አለ፣ "ያንን ነገር ይጫወቱልኝ።" ከዚያ በፊት አንድም ቀን ያልረገጠውን ደፍ ተሻግሮ ገባ። ኮፍያውን አወለቀ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረው። አውድማው፣ ወንዙ፣ ዋርካው በተራ መጡ። እኔ አጠገቡ ሆኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ በጆሮው እነግረዋለሁ። እያንዳንዱን ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገር ግን ፊቱ አንድ ነገር የጠፋበትና ሌላ ዕቃ የተሰጠው ሰው ፊት ነበር። ሽምብራ ማሳው ጋ ስንደርስ ቀና አለ።

"ይሄ ጠቅ ጠቅ የሚለው ምንድን ነው?"

"ችካሎቹ ናቸው" አልኩት።

እሱን ብቻ ለየው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጠቅታ ትከሻው ትንሽ ሲነቃነቅ አየሁ። ጋሽ ማቲዎስ ጨርሶ እጁን ሳያነሳ፣ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ጠየቀው።

"ጉርባን ኮ ኤሳ ጂራ?"

ልጄ የት አለ ማለቱ ነው። ጋሽ ማቲዎስ ሰበታ ያደገ ሰው ነውና ገባው። እጆቹን ከፒያኖው አንስቶ ጭኑ ላይ አደረጋቸው።

"ራሱን አልሣለም፣ ኦቦ ቱሉ። የትኛውም ላይ የለም።"

አባቴ እሺ አለ። ኮፍያውን አደረገ፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለውና ወጣ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰዎች ተደሰቱ፣ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ሰውየው ሄዷል ማለት ስለሆነ እኔ ገመቹ በማግስቱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ነጩን ሸሚዝ ከመስቀያው አውርጄ አልጋው ላይ ዘረጋሁለት። አልመጣም። ማሳው ውስጥ ያሉትንም ችካሎች የነቀላቸው አልነበረም።

በዚያ ግርግር ክር ፋብሪካው ከተቃጠለ በኋላ ከደቡብ የመጡት ሠራተኞች ሥራም ድፍረትም አጡ። እየተጫኑ ወደ አገራቸው መሄድ ጀመሩ። አዳራሹ ውስጥ እሑድ እሑድ የሚዘምረው ድምፅ እየሳሳ መጣ። አንድ ቀን የጋሽ ማቲዎስ የወንድሙ ልጅ አጎቱን ሊወስድ ከሆሳዕና መጣ። እናቴ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝና ልሰናበተው ወረድኩ። አውቶቡሱ አጠገብ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። እዚያ ፒያኖ የለም፣ ግን ሁሉም በቃሌ ነው አለኝ። ጣቶቹ ሻንጣው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

"ዛሬ እዚህ ምን አለ? ንገሪኝ" አለኝ።

ማዳበሪያ ከረጢቶች አሉ አልኩት። ሕፃን ያዘለች ሴት አለች። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደ ውጪ አያዩም፣ ሁሉም ጎንበስ ብለዋል።

"ከሁሉ የሚከብደው?"

የቆሎውን ቋጠሮ እጁ ላይ አኖርኩለት። ራሴን በእጁ ዳበሰኝና "በቃ፣ ገባኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ገመቹ የተፈታው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከስቷል፣ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ሲጠራ ወዲያው ብድግ ይላል። እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ገለባ ቤቱ ሄደ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ውስጡ ገለባ ብቻ ነበር። ዞሮ አያት።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ደግ አደረግሽ" አላት። ተናድዶ ቢጮህባት ይሻላት ነበር፤ ያን ቃል ከሰማች በኋላ ነው ወገቧ የጎበጠው።

ስለ ጋሽ ማቲዎስ ጠየቀኝ፣ ሄደ አልኩት። አብረን ወደ አዳራሹ ወረድን። በሩ ተቆልፏል። ወንበሮቹን ወስደዋቸዋል፤ ፒያኖው ግን ስለከበዳቸው መሀል ወለሉ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ገመቹ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሳይዞር፣ አውድማው እንዴት ነበር የሚለው፣ በይልኝ አለኝ። በአፌ ጀመርኩለት። የከባዱን መዞር ይዤ ትንሽ ሄድኩ። ላይኛውን ላስገባበት ስሞክር ታችኛው ጠፋኝ፤ አንድ አፍ ሁለቱን አይችልም። እንደገና ጀመርኩ። ሦስተኛ ልጀምር ስል "ተይው ሌንሴ፣ ይበቃል" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ማሳችን ታጠረ። አባቴ ምትክ ቦታ ይሰጥሃል ተብሎ በሬዎቹን ሸጠ። ከዋርካው እስከ ወንዙ ድረስ የብሎኬት ግንብ ተሠራ። ሠሪዎቹ ቀለም ቀቢ ሲፈልጉ ገመቹ ሄዶ ተቀጠረ። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም ተው አላለውም። አባቴ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ይዞራል።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ግንቡ ከእሱ በላይ ረጅም ነው፤ ወንዙም አውድማውም አይታዩም። ገመቹ ባልዲ ሙሉ ግራጫ ቀለም አጠገቡ አድርጎ፣ ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ሩሎ ይቀባል። ሸሚዙ፣ ክንዱ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ግራጫ ነበር። ግንቡን በጀርባው ተደግፎ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ በላ። እጁን እያየሁ መልሰህ ትሥላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሱ የመጨረሻውን ጉርሻ ጠቀለለ። ሳህኑን ሲመልስልኝ ልሞክረው አልኩት፣ ሩሎውንም ሰጠኝ። ከብዶኝ ወደ ጎን ወለም ዘለም እያልኩ ቀባሁ፤ ብሎኬቱ ላይ የተዘበራረቀ ነገር ወጣ። ዛፍ ይመስል ነበር። እሱ ከኋላዬ መጥቶ እጆቼን በእጆቹ ያዘና ሩሎውን ወደ ግንቡ አናት መለሰው።

"እንደዚያ አይደለም" አለኝ። "ከላይ ወደ ታች ሳቢው። ምንም እንዳይታይ።"

እንዳለኝ አደረግኩ።